ባዶ መኪና የወጣው ዳገት

ሸዋረገድን ሳያውቅ «ነፋስ ስልክ ኖሬአለሁ» የሚለኝን ሰው አላምነውም። ሻይ ቤቷ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከሳሙና ፋብሪካችን በር የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ነበር፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠዋት ትኩስ ፓስቲ፣ ቀኑን ሙሉ ሻይ። እኛ የፋብሪካው ብስክሌት ቡድን ልጆች እትዬ ሸዋ እንላታለን። ሌላው ሰው ከኋላዋ የሚላትን እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ ያፍርብኛል።

ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ብዙ ውሸት ስለሰማሁ ነው። «በስተርጅና ብስክሌት የጀመረች እብድ ሴትዮ ነበረች» የሚል አለ። «ባሏ የነገራትን እየደገመች መንገድ አዋቂ ነኝ ትል ነበር» የሚልም አለ። እብድም አልነበረችም፣ ደጋሚም አልነበረችም። እኔ ሚሳኤል በዚያ ቡድን ውስጥ አራት ዓመት ነድቻለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያፈርኩበትንም አልደብቅም።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ወጋየሁን አገባች። ወጋየሁ የፊያት ኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከማረቆና ከቡታጅራ በርበሬ፣ አንዳንዴም ከተፍኪ ጤፍ ወደ አዲስ አበባ ያመጣል። የሹፌር ሚስት ደግሞ ቤቷ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ሕጉ ይህ ነበር። አንድ ዓመት ጠበቀች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ጋቢና ወጣችና ከረዳቱ አጠገብ ተቀመጠች። ወጋየሁ ውረጂ አላት። «አንተ ውረድ» አለችው። ሁለቱም ሳይወርዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሄዱ። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሰፈሩም ብዙ ሳይቸገር ምክንያቱን አገኘና በጋቢናው አሳበበ። እሷ ይህን ስትሰማ በማግስቱ ከወትሮው ቀድማ ጋቢና ትወጣ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. የወጋየሁን ዓይን ሞራ ጋረደው። መኪናው ተሸጠ፣ ሻይ ቤቱ ተከፈተ። ወጋየሁ ግድግዳ ተደግፎ እየተቀመጠ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለያል፣ እሷ ሻይ ትቀዳለች። እኛም ከልምምድ ስንመለስ እዚያ እየተቀመጥን እግራችንን እናሻለን።

አሰልጣኛችን አቶ ኢያቄም ቡልጋሪያ የተማረ ሰው ነው። ስለ ልብ ምት፣ ስለ ጡንቻ፣ ስለ አተነፋፈስ ያላነበበው የለም። የሚያውቀው መንገድ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ከቃሊቲ ኬላ ደብረ ዘይት፣ ከደብረ ዘይት ቃሊቲ ኬላ። በ1990 ጦርነቱ ተነሳና የአሰብ በር ተዘጋ። የአገሩ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ የወታደሩ መኪናም በላዩ ተጨመረበት፣ የደብረ ዘይት መንገድ ለብስክሌተኛ ቀርቶ ለወፍም አልበቃ አለ። ነሐሴ ላይ ዱከም አቅራቢያ አንድ ተሳቢ እኔንና ሁንዴሳን ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጨመረን። ከዚያ ወዲያ አቶ ኢያቄም ከፋብሪካው በር እስከ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ጎተራ፣ ተመልሶ ፋብሪካው በር እያለ አውድማ ላይ እንዳለ በሬ ያዞረን ጀመር። ረጅም ርቀት የሚባለው ልምምዳችን በዚያው ቀረ።

ይህንን ሻይ ቤት ተቀምጠን ስናማርር እትዬ ሸዋ ብርጭቆ እያጠበች «መንገድ ጠፍቶ ነው?» አለችን። እጇን በሽርጧ ጠረገችና እኛው መሀል ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የረጅም ርቀት መንገዳችንን የምታወጣው እሷ ሆነች።

አወጣጧ እንደማንም አልነበረም። ካርታ አይታ አታውቅም። ከነፋስ ስልክ ተነስታችሁ በለቡ ሜዳ ቁረጡ፣ ፉሪን በግራ ትታችሁ ዓለም ገና ትወጣላችሁ ትላለች፤ ለቡ ያኔ ጤፍ የሚታጨድበት ሜዳ ነው። የወሩ ሃያ አንድ ከሆነ በሃና ማርያም በኩል አትሂዱ፣ ምእመኑ መንገዱን ሞልቶት ብስክሌታችሁን ተሸክማችሁ ታልፋላችሁ ትላለች። ገበያ ቀን ከሆነ አህያው ሳይገባ እለፉ። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ከፊት ስለሚመጣ ከባዱን በጠዋት ጨርሱ። እዚህ ጋ ውሻ አለ፣ እዚያ ጋ ምንጭ አለ፣ ከዚያች ኩርባ ወዲያ ከብት ወደ ውሃ ይወርዳልና ፍሬን ያዙ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመስኮት ያየችው ሁሉ እንደ ትናንት ዓይኗ ላይ ነበር።

ዳገት የምትለካው ደግሞ በመኪና ማርሽ ነው። «ሦስተኛ ማርሽ ማለት ወሬ እያወራችሁ የምትወጡት ነው» አለችን። «ሁለተኛ ማርሽ ወሬ ያስቆማል። አንደኛ ማርሽ ላይ እናታችሁን ትጠራላችሁ።» ወጋየሁ የፊያቷን ማርሽ የት የት እንደቀየረ አንድ በአንድ ታስታውሳለች። በዚህ ልኬት መስከረምንና ጥቅምትን ሰበታ ሄድን፣ ተፍኪ ሄድን፣ አንድም ቀን የነገረችን ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም። አቶ ኢያቄም መጀመሪያ አጉረመረመ፤ እግራችን ሲበረታ ግን ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ «እኔ ያወጣሁት አዲስ መንገድ» ብሎ እንደነገረው ሰማን። እትዬ ሸዋ ስትሰማ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፣ ግን አፌን አልከፈትኩም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ትልቁን አወጣችልን። በቡታጅራ መንገድ አዋሽን ተሻግረን ጢያ ደርሰን መመለስ ነው። መንገዱ ያኔ ጠጠር ስለሆነ አቶ ኢያቄም ጎማ ይጨርሳል ብሎ ተከራከረና በመጨረሻ ተወው። እትዬ ሸዋ ያለችን ይህ ነበር፤ ከአዋሽ ድልድይ ወዲያ ያለችው ዳገት ሦስተኛ ማርሽ ናት፣ ሳትፈሩ በፍጥነት ውጧት፤ ቁም ነገሩ ስትመለሱ ከአዋሽ ወዲህ ያለው ነው፣ እሱ አንደኛ ማርሽ ነው።

እሁድ ማለዳ ስድስት ሆነን ወጣን። ድልድዩን እንደተሻገርን ሁንዴሳ ፊት ወጣና ሽምጥ ጋለበ። ሁንዴሳ የፉሪ ገበሬ ልጅ ነው፤ ጠዋት ከፋብሪካ በፊት በፎኒክስ ብስክሌት ወተት ወደ ከተማ ያደርሳል፣ ፋብሪካ ሲገባ ደግሞ ካርቶን ይጭናል፣ ከመካከላችን እንደሱ ጠንካራ አልነበረም። ሦስተኛ ማርሽ ነው ስለተባልን ሁላችንም ያለንን ሁሉ አወጣን። ዳገቱ ግን አላልቅ አለ። አንዱን ኩርባ ስንጨርስ ሌላው ይጠብቀናል፤ ጠጠሩ ከጎማው ስር ይንሸራተታል፤ ፀሐይዋ ጭንቅላታችን ላይ ናት። ሁንዴሳ አናቱ ሊደርስ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው መሪውን እንደያዘ በጎኑ ወደቀ። ስደርስ ራሱን ስቶ ነበር፤ የትከሻው አጥንት ከቆዳው ስር ጎብጦ ይታያል። ሽንኩርት የጫነ መኪና ለምነን ወደ አዲስ አበባ አመጣነው።

በማግስቱ አቶ ኢያቄም ሰበሰበን። ከዚህ በኋላ ከዚያች ሴትዮ መንገድ የሚቀበል ከቡድኑ ይሰናበታል አለ። ሁላችንም እሺ ብለን ወደ ልምምዳችን ተበተንን። እኔማ ጭራሽ ሻይም መጠጣት አቆምኩ፤ በሯ ላይ ሳልፍ ወደ ማዶ እያየሁ ነበር የማልፈው። የሚያሳፍረኝ አንዱ ይህ ነው።

እሷ ግን አልተደበቀችም። በዚያው ሳምንት ፉሪ ወርዳ የሁንዴሳ አባት አቶ ነገሪ ግቢ ገባች፣ ቁጭ በይ ብትባልም አልቀመጥም ብላ ቆማ «ልጃችሁን የጣለው የእኔ ስሕተት ነው» አለች። ስሕተቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት አታውቀውም። አንጀቷን የበላት ይህ ነበር። ዳገቱን ታስታውሰዋለች፣ ማርሹን ታስታውሰዋለች፣ ወጋየሁም ሲጠየቅ «ሦስተኛ ነው» ይላል። ታዲያ እንዴት ሰው ጣለ?

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆና ሰነበተች። አንድ ጠዋት አንድ ሹፌር ሻዩን ቆሞ እየጠጣ፣ ባዶ ስለምሄድ ምሳ ሰዓት ሳይሆን እደርሳለሁ፣ ስመለስ ግን ጭነት አለብኝና አትጠብቂኝ አላት። ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ ቀረ። ፊያቷ ከአዲስ አበባ ስትወጣ ሁልጊዜ ባዶዋን ነበረች፤ በርበሬው የሚጫነው እዚያ ነው። ከአዋሽ ወዲያ ያለውን ዳገት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወጡት በባዶ መኪና ነው፤ ከአዋሽ ወዲህ ያለውን ደግሞ ሰባ ኩንታል ተሸክመው። ሦስተኛ ማርሽ የነበረው መኪናው እንጂ ዳገቱ አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አውቆ ዝም ይላል። እሷ ሽርጧን ሳትፈታ ፋብሪካው በር ድረስ መጣች፣ አቶ ኢያቄምን አስጠራችና እኛ ሁላችን ባለንበት ነገረችው። «ባዶና ሙሉ ቀላቅዬባችሁ ነው» አለች። «አሁን ገብቶኛል። በተፍኪ በኩል መሄጃው ቁልቁለት ስለሆነ አልታወቀም እንጂ፣ ከከተማ መውጫውን ሁሉ ዝቅ አድርጌ ነው የነገርኳችሁ፤ አስተካክለዋለሁ።»

አቶ ኢያቄም ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ዛሬም ያንገበግበኛል።

«ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ድሮም እውቀቱ የባልዎ ነው፣ የእርስዎ ስሕተቱ ብቻ ነው» አላት። «ይልቅ ሻይዎን ያፍሉ።»

ልክ የሆነው ሁሉ የወጋየሁ፣ የተሳሳተው የእሷ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ልክ የነበረው የራሱ የአቶ ኢያቄም ነበር፣ ያን ጊዜ ስሟም አልተነሳም። ይህን ፊት ለፊት ልነግረው ይገባኝ ነበር። የብስክሌቴን ጎማ እየነካካሁ አቀርቅሬ ቆምኩ። እሷ ጀርባዋ ቀጥ እንዳለ ሄደች።

ከሦስት ቀን በኋላ ለቡ ሜዳ ላይ ብስክሌት ስትማር ታየች። ብስክሌቷ የሁንዴሳ የወተት ፎኒክስ ናት፤ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ስለነበር ብስክሌቷ ሥራ ፈትታ ቆማ ነበር። እሱ ራሱ በደህናው እጁ መቀመጫውን ይዞ አብሯት ይሮጣል። የወጋየሁን ሱሪ ታጥቃለች፣ ራሷን በሻሽ አስራለች። ጤፉ ታጭዶ ሜዳው ነጭ ሆኗል፤ ትወድቃለች፣ ገለባ ከጉልበቷ ላይ ታራግፋለች፣ እንደገና ትወጣለች። ያኔ አርባ አራት ዓመቷ ነበር። ለሁንዴሳ ያለችውን ኋላ ነገረኝ። «መኪናው የነገረኝን አልናገርም ከእንግዲህ» ነው ያለችው። «እግሬ የነገረኝን ነው።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ በእኛ ሰፈር ግን የዚያን ዓመት ጉድ ታኅሣሥ ላይ ነው የተሰማው። የእድሩ ሴቶች መክረው ቤቷ መጡ። ያለ ዕድሜዋና ያለ ጾታዋ መሆኑን፣ ዓይነ ስውር ባሏን ጥላ ሜዳ መዋሏን፣ በሱሪ መታየቷን አንድ በአንድ ቆጠሩላት። ሻይ ቀዳችላቸውና እስኪጨርሱ ጠበቀች። «እድር የገባሁት ስሞት እንድትቀብሩኝ ነው» አለቻቸው፤ «በቁሜ እንድታስቀምጡኝ አይደለም።» ወጋየሁ ጥግ ላይ ሆኖ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ሴቶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እንዲህ ነው ብለው ለሰፈሩ አወሩ። አላፈረችም ቢሉ ግን ልክ ይሆኑ ነበር።

ጥር ላይ መንገድ ወጣች። መጀመሪያ ዓለም ገና ድረስ ብቻ፣ ከዚያ ራቅ እያለች። የሁንዴሳ ትከሻ ሲገጥም አብሯት መሄድ ጀመረ፣ በዚህም ከቡድኑ ተሰናበተ፤ የወደቀው እሱ ነው፣ የተከተላትም እሱ ብቻ ነው። የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሻይ ቤቱን ለጎረቤት ትታ አዋሽ ደረሰች። ያንን ዳገት በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ወርዳ ገፋችው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ወረደች። በአራተኛው ሳምንት እግሯ መሬት ሳይነካ ጨረሰችው። እኔ አልነበርኩም፤ እነዚያን ቅዳሜዎች ሁሉ ሳሪስና ጎተራ መሀል እየዞርኩ ነበር። ሁንዴሳ እንደነገረኝ አናቱ ላይ ደርሳ ከብስክሌቷ ሳትወርድ አንድ እግሯን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች፣ አለቀሰችም። ከደስታ ይሁን ከንዴት አልጠየቃትም። እኔ ብሆን እጠይቃት ነበር፣ ግን የመጠየቅ መብት ያለው አብሮ የወጣ ነው።

መጋቢት ላይ የከተማው ውድድር መጣ። አቶ ኢያቄም ሰው ስላነሰው ሁንዴሳን መልሶ አስገባው። አውድማ ላይ ስንዞር የከረምነው አምስታችን የመጀመሪያው ዳገት ላይ ተራ በተራ ወደ ኋላ ቀረን፤ እኔ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበርኩ። ሁንዴሳ አራተኛ ወጣ። አቶ ኢያቄም የት ሰለጠንክ አለው። «ከእትዬ ሸዋ ጋር» አለው ሁንዴሳ፣ ምንም ሳይጨምር።

በሳምንቱ አቶ ኢያቄም አስከትሎን ሻይ ቤቱ መጣ። እሷ በሩ ላይ ፓስቲ ከዘይት እያወጣች ነበር። በአጠገቧ አልፎ ገባና ወደ ወጋየሁ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎም ሰላም አለው።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ የአዋሹን መንገድ ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ወጋየሁ ሻዩን ሁለቴ ፉት አለ። የማያዩት ዓይኖቹ በሩ ላይ ነበሩ።

«እኔ ስነዳ ያየሁት ጎማዬ የሚረግጠውን ሃያ ሜትር ነው» አለ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን ያየችው እሷ ናት። ኩርባው መጣ፣ ከብት አለ፣ ድልድዩ ተሰብሯል እያለች ነው ያስነዳችኝ። ሰው እኔን ሲጠይቀኝ ግን እመልስ ነበር። የእኔ መምሰሉ ደስ ይለኝ ነበር፣ አቶ ኢያቄም። እውነቱ ይኸው ነው።»

የአቶ ኢያቄም ፊት ቀላ። እኔ እትዬ ሸዋ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለሃያ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ነው ብዬ አስቤ። የፓስቲ ማውጫውን ሰሃኑ ላይ አስቀመጠች፣ ምድጃውን ዞራ ገባች።

«ምስክር አልጠራሁም እኮ፣ ወጋየሁ» አለች። ድምፅዋ አልከፋም፣ አልለዘበምም። ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ዞረች። «መንገዱን በአፍ አልሰጥም፣ አቶ ኢያቄም። በአፍ ሰጥቼ ሰው ሰብሬአለሁ። እሁድ በአሥራ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ። መንገዱን የሚፈልግ ብስክሌቱን ይዞ ይምጣ፣ እርስዎም ጭምር።»

አቶ ኢያቄም ብስክሌት ላይ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነው፣ ወገቡም እንደማይፈቅድለት ነገራት።

«ለእኔ አርባ አራት ዓመት ሙሉ ማን ፈቀደልኝ?» አለችና ወደ ፓስቲዋ ተመለሰች።

እሁድ ማለዳ ስምንት ሆነን በለቡ ሜዳ ቆረጥን። ፊት እሷ በፎኒክሷ፣ ከኋላዋ ሁንዴሳ፣ ከሁሉ ኋላ አቶ ኢያቄም በተዋሰው ብስክሌት። ማንም ቀድሟት አልሄደም፤ እኛ ከባድ ማርሽ ይዘን በእሷ እርምጃ ነበር የምንጓዘው። አዋሽን ተሻገርን። ዳገቱ መሀል ላይ ዞር ብዬ ሳይ አቶ ኢያቄም ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ነው፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እሷ ወደ ኋላ ሳታይ በዝግታ፣ ትከሻዋን እያወዛወዘች ወጣች። አናቱ ላይ ስንደርስ አልሄድም ብላ ጠበቀችው። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጅቶበት መጣ፣ እያለከለከ አንገቱን ዝቅ አደረገላት። እትዬ ሸዋ ውሃዋን አቀበለችው፣ ጠጥቶ እስኪጨርስም ቆመች።

«ብስክሌትዎ ላይ ይውጡ እንግዲህ፣ አቶ ኢያቄም» አለችው። «ገና ግማሹን አልደረስንም።»